በረዶው ድምፅ የለውም አልሽኝ

ሐዋሳ፣ ሆሳዕና እሁድ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

እማዬ፣ እዚያ ጀርመን እንዴት ነሽልኝ? አራሷ እህቴስ እንዴት ናት? ሕፃኑ ሌሊት መተኛት ጀመረ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ከገብርኤል መመለሴ ነው። የዘንባባው ቀለበት ጣቴ ላይ ስለሆነ ስጽፍ እየያዘ ያስቸግረኛል። ቢሆንም አላወልቀውም።

በስልክ ያወራነው ግማሹም አልተሰማሽም መሰለኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። አንቺ ደግሞ ቪዲዮ ሲሆን የምታሳዪኝ ጣሪያውን ነው። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። እህቴ በትልቅ ፊደል አትማ ትስጥሽ፣ መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

«በረዶ ጣለብን» ስትይኝ «መስኮት ሰበረ እንዴ?» ብዬ መጠየቄ እስካሁን ያስቀኛል። «ምን ድምፅ አለው ብለህ! መጋረጃ ስገልጥ ነው ያየሁት» አልሽኝ። ለካ እኛ ያለን ቃል አንድ ነው። ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ዝም ብሎ የሚወርደውም በረዶ። እዚህ ረቡዕ ዕለት የጣለው ቆርቆሮ ደብዳቢው ነው። አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ ግን የቦሎቄሽን አበባ አራግፎት ሄደ። የጎረቤት ልጆች በሳህን እየለቀሙ ሲበሉት ነበር። እኛም እንደዛ ስናደርግ ትቆጪን ነበር።

የጋቢውን ነገር ሰምቻለሁ። አንቺ ባትነግሪኝም እህቴ ነግራኛለች። በሌሊት ተነስተሽ፣ ጋቢሽን ከላይሽ ገፈሽ፣ ቲማቲሙን አልብሰሽ ገባሽ አሉ። ጠዋት ጋቢው ከነበረዶው እንደ እርጥብ ጆንያ ከብዶ፣ ሥሩ ያለው ቲማቲም አንገቱን ተሰብሮ ተገኘ። እሷ «ብርድ ብትመታስ?» ብላ ተናዳለች። እኔ ግን ልንገርሽ፣ ሐሳብሽ ትክክል ነበር። እዚያ ያሉ ገበሬዎችም አትክልታቸውን በስስ ነጭ ጨርቅ ያለብሳሉ። ልዩነቱ የእነሱ ጨርቅ ላባ ያህል ነው፣ የአንቺ ደግሞ የደብረ ብርሃን ጋቢ ነው።

ከሁሉም የከነከነኝ ግን በመጨረሻ ያልሽው ነው። «አረጀሁ መሰለኝ፤ ወቅት እንኳ ማወቅ አቃተኝ» አልሽ። ከዚያ ስልኩን ለእህቴ ሰጥተሽ ሄድሽ። ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው በዋናነት ለሱ ነው።

እማዬ፣ አልተሳሳትሽም። መጋቢት መጨረሻ ላይ እዚያ እንዴት እንደሞቀ ራስሽ ነግረሽኛል። በሹራብ ሄደሽ ሹራብ አውልቀሽ ተመለስሽ። ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ያንን አየር አይቶ የማይዘራ ማነው? እህቴ ደጅ ያለው የፖም ዛፍም እኮ ያኔ ነው ያበበው። እዚያው በቅሎ፣ እዚያው ያረጀ ዛፍ ነው። የሀገሩን ብርድ ከማንም በላይ ያውቃል። እሱም ተታሎ አበባውን አወጣ፣ በሦስተኛው ሳምንት በረዶ መጣበት። አገሬው ዛፍ ከተታለለ ከሐዋሳ በየካቲት የሄደች ሴት ምን ይፈረድባታል?

ደግሞ አንቺ ውርጭ የማታውቂ ሰው አይደለሽም። ደጋ ነው ያደግሽው። ባቄላው በአንድ ሌሊት ተለብልቦ ሲያድር ስንቴ አይተሻል። ነገር ግን የእኛ ሀገር ውርጭ የሚመጣው በጥቅምትና በኅዳር ነው፣ ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ሲጠራ፣ እህሉ ሊደርስ ሲል። የእነሱ ደግሞ ገና ሲዘራ ይመጣል። አንቺ ከኋላ ስትጠብቂው ከፊት መጣብሽ፣ ሌላ ምንም የለውም።

እንዲያውም ክፉው በረዶው ራሱ አይደለም። በረዶው መሬቱን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናል፣ ሥሩ ያለው ዘር ከሞላ ጎደል ይተርፋል። የሚገድለው ከበረዶው በኋላ ያለው ጥርት ያለ ሌሊት ነው። ደመናው ሲገለጥ የመሬቱ ሙቀት ሽቅብ ይሄዳል፣ ውርጩም ይወርዳል። የፖም አበባ በደንብ ፈክቶ ሳለ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ከሆነ ከአሥር አበባ አንዷ ትሞታለች። 4 ዲግሪ ከደረሰ ከአሥሩ ዘጠኙ ይሞታሉ። ለሁለት ዲግሪ ነው ይሄ ሁሉ። ነገ ደጁን ስታዪ አንድ አበባ ቀጥፈሽ መሃሉን ተመልከቺው። ዙሪያው ነጭ ሆኖ፣ ያማረ መስሎ፣ መሃሉ ጠቁሮ ከሆነ አለቀለት፣ ፍሬ አይዝም። የተረፈውም ቢሆን ንብ ይፈልጋል። ንብ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ከቀፎዋ መውጣት አትወድም።

በዚህ ሰሞን በምሥራቅ ጀርመን፣ ሳክሶኒ በሚባለው በኩል፣ የፖምና የወይን ገበሬዎች ክፉኛ ተመተዋል። እና አንቺ በሦስት ችግኝ ታለቅሻለሽ! በ2021 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ወይኑን ለማዳን ሌሊት በየረድፉ ሻማ ሲያበሩ አድረው ነበር። ፎቶውን አይቼዋለሁ፣ ልክ የትንሣኤ ሌሊት ይመስላል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ ገበሬ ሌሊቱን ሙሉ አበባው ላይ ውሃ ሲረጭ ያድራል። ውሃው ሲረጋ ሙቀት ይለቃል፣ እና ውሃው እስካልተቋረጠ ድረስ አበባው በበረዶ ተጀቡኖ ከውርጭ ይተርፋል። በረዶ አልብሰው ከብርድ ያድኑታል እኮ!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። መሥሪያ ቤታችን ጀርመን የተማረ ሰው አለ፣ እሱን ጠየቅሁት። ሳቀና «እናትህ የበረዶ ቅዱሳንን ማንም አልነገራትም?» አለኝ። ለካ እነሱም እንደኛ በቅዱሳን ቀን ነው የሚቆጥሩት። ጳንክራትዮስ፣ ሴርቫትዮስ፣ ቦኒፋስዮስ፣ መጨረሻ ላይ «ቀዝቃዛዋ ሶፊያ» የሚሏት። በእኛ ሲቆጠር ከግንቦት 4 እስከ 7 መሆኑ ነው። ሶፊያ ሳታልፍ ቲማቲም ደጅ አይወጣም ይላሉ አሮጊቶቻቸው። የልደታን ንፍሮሽን በልተሽ፣ ከዚያ ስድስት ቀን መቁጠር ነው። አንዳንዱ ጠንቃቃ ግን ከዚያም በላይ ይጠብቃል። በ1582 የቀን መቁጠሪያቸውን ሲያስተካክሉ አሥር ቀን ስለዘለሉ፣ የድሮው ሶፊያ ከዛሬው ትዘገያለች ባይ ነው። እኛ ሳንነካካው መተዋችን በጀን።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ የወሰድሽው ዘር ከተረፈ (እንዳሳለፍሽው አውቃለሁ፣ አትካጂኝ) አሁኑኑ በባዶ የእርጎ ዕቃ ዝሪውና መስኮት ሥር አስቀምጪው። ግንቦት 8 ሐሙስ ነው የሚውለው፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ደጅ ይውጣ። ጎመኑን ግን አትንቀዪው! ጎመን ለትንሽ ውርጭ አይበገርም፣ እንዲያውም ብርድ ሲነካው ይጣፍጣል ይላሉ። ቲማቲሙ ሲቀላ አንቺ እዚህ ነሽ፣ አውቃለሁ። የሚበሉት እነሱ ናቸው።

የሽመላዋን ፎቶ ለሁሉም አሳየሁት። ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ፣ ጎጆዋ ውስጥ፣ ጀርባዋ ላይ በረዶ ተከምሮ፣ ዝም ብላ የታቀፈችው። «ምነው አትነሳም?» አልሽኝ። እንቁላሉ እንዳይበርድባት ነው። አንድ ወር ያህል ትታቀፋለች፣ ወንዱ ይቀይራታል። እሷ በረዶውን ትችለዋለች። የሚያሰጋው ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ዝናብና ብርድ አብሮ ከመጣ ነው፤ ለስላሳው ጸጉራቸው ውሃ ከጠጣ አይቆዩም። ከሽመላዎቹ ገሚሶቹ በስፔን በኩል ይወርዳሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ በቱርክና በግብፅ፣ በሱዳንም አድርገው በእኛ ሰማይ ላይ ያልፋሉ። ስለዚህ አገር ልጅ ትሆናለች ብለሽ አስቢያት። እዚህ ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደሉ አባ ኮዳም ጋር ዘመድ ናት፣ ብቻ እሷ መልክ አላት።

ይልቅ ያሳዘኑኝ ጭራቸው እንደ መቀስ የተሰነጠቀው ትንንሾቹ ወፎች ናቸው። ክረምታቸውን እዚህ ሐይቁ ላይ ሲቀዝፉ ከርመው ወደ ሰሜን የሚሄዱት። የሚበሉት እየበረሩ የሚይዙትን ትንኝ ብቻ ነው። በረዶ ሲጥል ትንኝ የለም። ያን ሁሉ በረሃ ተሻግረው ደርሰው፣ ጥቂት ቀን እንዲህ ከሆነባቸው በረሃብ ይወድቃሉ። እህቴ ጋራዥ ውስጥ የድሮ የጭቃ ጎጆ አለ ብለሽኝ ነበር። የመጣ ካለ በሩን ትንሽ ክፍት አድርጉለት።

ቤት ሁሉም ሰላም ነው። አቮካዶው ያዘ። ለፋሲካ ዶሮ እኔ ልገዛ ነው፣ ዋጋውን ባትጠይቂኝ ይሻላል።

ደግሞ እህቴን ንገሪልኝ፣ ጋቢውን ማሽን ውስጥ እንዳትከተው። በእጅ ነው የሚታጠበው።

ልጅሽ