የጽድ እንጨቱን ዝናብ ሳያገኘው ድረሱልን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የደብራችን ልጆች፣ በአገር ቤትም በውጭም ያላችሁ!

የቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅደር ጣሪያ በክረምቱ መደርመሱን ሰምታችኋል። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ታቦቱ ግን ዛሬም በጊዜያዊው ማረፊያ፣ በመቃኞው ውስጥ ነው።

እውነቱን እንነጋገር። መዋጮው የቆመው ሰው አጥቶ ብቻ አይደለም፤ ክርክሩም አለበት። አንዱ «ዘመናዊ ባለ ጉልላት ሕንፃ ካልሆነ ብር የለኝም» ይላል። ሌላው «ክቡን ቤተ ክርስቲያን የነካ አባቶቻችንን ነካ» ይላል። በስልክ መልስ መስጠት ሰልችቶናል።

ኮሚቴው ወስኗል። በድንጋይ መሠረት ላይ፣ በጽድና በጭቃ፣ እንደ ጥንቱ ክብ ሆኖ ይሠራል። «ጭቃ ምን ዕድሜ አለው?» ለምትሉ፣ ዘጌ ያለችውን፣ በጭቃ ተሠርታ ለዘመናት የቆመችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እዩ። ኮንክሪትም ቢሆን ጥገና አይቀርለትም፤ በ1953 ዓ.ም የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ እንኳ በቅርቡ ብዙ ወጪ ወጥቶበት ታድሷል። ዘመናዊውን ንቀን አይደለም። አክሱም ጽዮን አፄ ፋሲል ያሠሩት አሮጌውና አፄ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ባለ ጉልላቱ በአንድ ግቢ ቆመዋል። ያ ግን የንጉሥ ካዝና ነው፣ የኛ ሌላ ነው።

ደግሞ ግድግዳችንን የጎዳው ጭቃው አይደለም። ከዚህ ኮሚቴ በፊት የተለሰነው ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ይዞት ኖሯል። ልስኑን ስናነሳ ደህና የመሰለው ማገር በእጃችን ላይ እንደ በሶ ቦነነ።

«ብሩ የት ገባ?» ላላችሁ፦ ጽዱ ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። የመሠረቱ ድንጋይ ተጠርቦ አልቋል። የመሐንዲሱ ክፍያ በዛ ተብለናል፤ ጣሪያ የወደቀበትን ቤት ያለ ጥናት መልሶ መሥራት ግን አያዋጣም። አበል የወሰደ የኮሚቴ አባል የለም። ደረሰኙ ሰበካ ጉባኤው ቢሮ አለ፣ መጥታችሁ እዩ።

የቀረው ቆርቆሮ፣ ሚስማርና የአናጢዎች ዋጋ ነው። ሳሎናችንን በጂብሰም አሳምረን የእግዚአብሔር ቤት ክፍቱን ሲያድር ዝም ማለት ነቢዩ ሐጌ የወቀሰው ነገር ነው።

አደራ፣ ብሩ የሚገባው በሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ስም በተከፈተው፣ በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀሰው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ላይ አለ። የባንኩን ስሊፕ ፎቶ አንስታችሁ ለገንዘብ ያዡ ላኩ፣ ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል። ቆርቆሮ በዓይነት የምትሰጡም በደረሰኝ አስረክቡ። አሁንም እንድገመው፦ በኮሚቴው ስም እንጂ በግለሰብ ስም አትላኩ። ሸራው መቀደድ ጀምሯል፣ የበልግ ዝናብ ሳይገባ ይሁን።

የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው