አባባ፣ ይህን ራስዎ ያንብቡት

ኮምቦልቻ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አላህ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ፊደሉን አተልቄ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ በረንዳው ላይ ስታርፍ ተቀምጠው ራስዎ ያንብቡት። ካስቸገረዎ እማዬ ታንብብልዎ እንጂ ለልጆቹ አይስጡ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ ተቀምጬ፣ እሁድ እሁድ እየመጣሁ፣ ደብዳቤ መላኬ ይገርምዎ ይሆናል። አራት እሁድ መጥቼ አራቱንም ጊዜ ሳልናገር ተመልሻለሁ። ቡናው እስኪፈላ እጠብቃለሁ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይጠጣል፤ ከዚያ «መሸብኝ» ብዬ እነሳለሁ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። የትንሹ የፊት ጥርስ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወረወረው፤ አሁን «ሰ» ማለት አቅቶት እህቱን ያስቃል። ትልቋ ሰባተኛ ክፍል ገባች። ትከሻዬን አልፋለች። ባለፈው ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ብነሳ የብስክሌቴን ኮርቻ በራሷ ልክ ዝቅ አድርጋ፣ ጫማዋን አስራ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «ዛሬ አብሬሽ ካልወጣሁ» አለችኝ። ምን እንደመለስኩላት ቆይቼ እነግርዎታለሁ።

ብስክሌት መንዳቴን እንደማይወዱት አውቃለሁ። «በዚህ ዕድሜሽ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆነሽ» ያሉኝን አልረሳሁም። ግን ምን እንደምንሠራ አንድም ቀን አስረድቼዎ አላውቅም፤ እስቲ ዛሬ ይስሙኝ። አምስት ነን፦ የሒሳብ መምህር፣ ነርስ፣ ባለ ቶርኖ፣ የኮሌጅ ተማሪና እኔ። ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከኮምቦልቻ ተነስተን የሐረጎን ዳገት እንወጣለን። ደሴ እስክንደርስ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ከዚያ አስፋልቱን ትተን ወደ ጦሳ ተራራ፣ አንዳንዴም ወደ ኩታበር። የተራራ ብስክሌት የተሠራው ለዚህ ነው። ጎማው ሰፊና ጥርሳም ነው፤ የፊት ሹካው እንደ መኪና አሞርዛተር ሰምጦ ይነሳል፤ ፍሬኑ ዲስክ ነው። ጭቃ ሲሆን የጎማውን ነፋስ ትንሽ እንቀንሳለን፤ እርስዎ ወደ አሰብ ሲወርዱ ለአሸዋው እንደሚያደርጉት ማለት ነው።

ጦሳ ላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባ ሁላችንም ዝም እንላለን። የሚሰማው የጎማው ጭርጭርታና የራስ ትንፋሽ ብቻ ነው። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ሲመጡ ከብስክሌቱ ወርደን ጥግ እንይዛለን፤ መንገዱ የእነሱ ነውና። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የእርስዎን ስም ስጠራላቸው «የአሰቡ ሹፌር!» ብለው ሸክማቸውን እንደተሸከሙ መረቁኝ። ያን ቀን ዳገቱ አልታወቀኝም።

ሐምሌ ላይ የማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልባት ትንሽ ብረት ድንጋይ መታትና ተሰበረች። የአውራ ጣት ያህል ናት፤ እሷ ከሌለች ግን ብስክሌቱ አይሄድም፣ በገበያም እንደ ልብ አትገኝም። ሰንሰለቱን ፈትተን ቁልቁለቱን እንዲሁ ተንከባለልኩ፤ ሜዳ ላይ እየተፈራረቁ በትከሻዬ ገፉኝ። ባለ ቶርኖው ስብርባሪውን በመሐረብ ቋጥሮ ወሰደ። ማክሰኞ ማታ ከአሉሚኒየም ቁራጭ የሞረዳትን አዲስ ብረት ይዞ በሬን አንኳኳ። ገንዘብ ሳወጣ ተቆጣኝ። አባባ፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ወዳጅ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ቁልቁለት ላይ የምወርደው ደግሞ በእርስዎ ምክር ነው። ረዳትዎን «በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ፍሬን ከጋለ ባለቤቱን አያውቅም» ሲሉት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ብስክሌት የሞተር ፍሬን የለውም፤ ስለዚህ እኛ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርገን ይዘን፣ ስንታጠፍ ለቀቅ እናደርገዋለን፤ ዲስኩ በዚያ መሃል ይበርዳል። ዋናው ግን ዓይን ነው። ገደሉን ያየ ወደ ገደሉ ይሄዳል። ድንጋዩ ላይ ያፈጠጠ ድንጋዩን ይመታል። ዓይን የመታጠፊያውን መውጫ ከያዘ ትከሻው ይከተላል፣ ጎማውም ይከተላል።

እዚህ ላይ እጄ ተያዘ። መጀመሪያ ሌላ ነገር ልበልዎ።

ብስክሌቴን ለምን ሸጡት?

በ1988 ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶኑን ስታሸንፍ እኔን ትከሻዎ ላይ አውጥተው በግቢው ዞሩ። በዓመቱ ከአሰብ ሰማያዊ ብስክሌት ተሳቢው ላይ አስረው አመጡልኝ። (የተራራ ብስክሌት በወንድም በሴትም ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባው በዚያው በአትላንታ እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ስሰማው አለቀስኩ።) በ1993፣ በ14 ዓመቴ፣ ከወንድሜ ጋር ሐረጎን ስንወርድ ሁለታችንም ወደቅን። እኔ ክርኔ ላይ ሰባት ስፌት፣ እሱ ጉልበቱ ላይ አምስት። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት «ቁልፉን አምጪ» አሉኝ። የሰንሰለቱ ቁልፍ በቀይ ክር አንገቴ ላይ ነበር። በጤነኛው እጄ አወጣሁትና መዳፍዎ ላይ አስቀመጥኩት። እርስዎ ወደ ሰኞ ገበያ ሄዱ። የወንድሜ ብስክሌት ግን ዝጎ እስኪወድቅ ግቢያችን ውስጥ ቆመ።

«ለአንቺው ብዬ ነው» አሉኝ፤ ያውም ከሁለት ዓመት በኋላ። እኔ ስጠብቅ የኖርኩት ሌላ ቃል ነው። «ፈራሁ» ቢሉኝ ኖሮ ቁልፉን ሮጬ አመጣልዎ ነበር። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ ክርኔን በነካሁ ቁጥር የሚያመኝ ቁስሉ አይደለም።

አሁን ያልተናገርኩትን ልናገር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ሐረጎን ጉም ዋጠው። መብራታችንን አብርተን፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያችንን ለብሰን፣ የቀኙን ጥግ ይዘን እየወጣን ነበር። ከላይ አንድ ነጭ ሚኒባስ መጣ። መስመሩን ለቆ ወደ እኛ መጣ። መምህሩ ጮኸ፤ ሁላችንም ቦዩ ውስጥ ገባን። የጎን መስታወቱ ከብስክሌቴ መሪ አንድ ክንድ ያህል ርቆ አለፈ። ከፊት መስታወቱ አረንጓዴ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል፤ እኔ የሰጠሁዎ ነው። ፊትዎን አየሁት። ወደ እኔ ይመለከቱ ነበር፤ አላዩኝም። ኋላ ወንበሩ ላይ ሕፃን ያቀፈች ሴት ነበረች። በማግስቱ ስመጣ «ትናንት መንገዱ ሰላም ነበር» አሉኝ።

ነርሷ ጭቃዬን እየጠረገችልኝ «ሹፌሩን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። «አላውቀውም» አልኳት። አባቴን አላውቀውም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

በኋላ የጎረቤት አባት አስመስዬ ጠየቅኋት። የመኪና መብራት ይበተንባቸዋል ወይ፣ ቀለም ይደበዝዝባቸዋል ወይ አለችኝ። እማዬ ቀዩን በርበሬ «ይህ ቡናማ ምንድን ነው?» ማለትዎን ነግራኛለች። ነርሷ የዓይን ሞራ ይመስለኛል አለች፤ ሐኪም አይቶ ይለየዋል። ሞራ ከሆነ የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተኩበታል። አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው ነው የሚሠሩት፤ ብዙ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አብሬዎ እሄዳለሁ፤ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ጎንበስ ማለት ስለማይፈቀድ ሶላትዎን ተቀምጠው ይሰግዳሉ። ጠብታውን እማዬ እንዳትረሳው ሰዓቱን ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ እለጥፋለሁ።

ሚኒባሷ ለእርስዎ ምን እንደሆነች አውቃለሁ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲደርስ እኛንና ግማሽ ሰፈሩን ሰው በሰው ላይ ጭነው ያወጡት በእሷ ነው። አንድ ሰው ሳይጫር አደረሱን። ያን ቀን ማመስገን ሲገባኝ ስለ ውኃ ተነጫነጭኩብዎ። ይቅር ይበሉኝ።

ቁልፉን አምጡ አልልዎትም። ያን ቃል ከእኔ አፍ አይሰሙትም። ከበሩ ኋላ ሚስማሩ ላይ ይሰቀል፤ ማንም አይነካውም። ሐኪም እስኪያይዎ ድረስ ወንድሜ ይንዳ፤ እርስዎ ጋቢና ተቀምጠው የት ላይ ማርሽ እንደሚቀነስ ይንገሩት፤ እሱ ዛሬም ሐረጎን በፍሬን ነው የሚወርደው። እኔ ፈርቻለሁ፣ አባባ። ለእርስዎ ፈርቻለሁ፤ ለዚያች ሕፃን ላቀፈችው ሴትም ፈርቻለሁ።

ለልጄ ያን ቅዳሜ «ትምህርትሽን አጥኚ» ብያት በሩን ዘግቼባት ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የእርስዎ ድምፅ ከእኔ አፍ ሲወጣ ይሰማኝ ነበር። ስመለስ «ስለፈራሁ ነው» አልኳት። «እና ለምን አታስተምሪኝም?» አለችኝ። አሁን ማታ ማታ ከቤታችን ኋላ ባለው ሜዳ ፍሬን አያያዝ እያስተማርኳት ነው። ኮርቻውን በእሷ ልክ ትቼዋለሁ።

እሁድ እመጣለሁ። ነፋስ ካለ ሐረጎ ላይ ስለምዘገይ ቁርስ አትጠብቁኝ። ለእማዬ ቂቤውን ልኬያለሁ፤ ጣሳውን ትመልስልኝ።

ልጅዎ