«ታይፎይድ» የሚለውን ቃል ማን ይጠይቀው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ከአቃቂ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከገላን ወደ ሆስፒታል በሚላኩ ትኩሳት ያለባቸው ሕሙማን የሪፈር ወረቀት ላይ «ታይፎይድ» የሚል ቃል ደጋግሞ ይታያል። ተረኛው ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም፣ ቃሉን ካርዱ ላይ ይገለብጠዋል፤ በማግስቱ ሞርኒንግ ላይ (ሐኪሞች ስለ ሕሙማን በሚወያዩበት የጠዋት ስብሰባ) ያው ይነበባል። ሲኒየሩ ሐኪም ስለ መድኃኒቱ መጠን ይጠይቃል፤ «ታይፎይድ መሆኑ በምን ታወቀ?» የሚል ግን ይጠፋል። ስፔሻሊቲ የሚማሩት ሐኪሞች እውቀት አያንሳቸውም። የተቀበሉትን ስም መመርመር ነው ያላስለመድናቸው፤ ጥፋቱም የእኛ የአስተማሪዎቹ ነው።

ስሙ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ዊዳል ከሚባለው የደም ምርመራ ነው። ዊዳል ፀረ እንግዳ አካልን እንጂ ባክቴሪያውን አያይም፤ ቀድሞ የታመመ፣ የተከተበ፣ ወባ የያዘው ሰውም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ለስሌት ያህል ትኩሳት ካላቸው 1000 ሰዎች 20ዎቹ ታይፎይድ አለባቸው እንበል። ምርመራው ከታመሙት 100 ሰዎች 80ውን የሚያገኝ፣ በሽታው ከሌለባቸው 100 ደግሞ 20ውን በስህተት «አለባቸው» የሚል ይሁን። ከ20ዎቹ 16ቱን ያገኛል፤ ከቀሪዎቹ 980 ግን 196ቱን ፖዘቲቭ ይላል። ከ212 ፖዘቲቮች እውነተኞቹ 16 ብቻ ናቸው። ይህን ስሌት አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ሬዚደንት ወረቀቱን እንደ ድሮው አያነበውም።

ጉዳቱ እዚያ አያበቃም። ለታይፎይድ ተብሎ የሚሰጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን የቲቢን ባክቴሪያም ስለሚያዳክም፣ ሕመሙ ቲቢ ሆኖ ሳለ ትኩሳቱ ጋብ ሊል ይችላል፤ ሕመምተኛው «ተሻለው» ተብሎ ይሸኛል። ከሳምንታት በኋላ ከስቶ፣ ሌሊት በላብ እየተነከረ ይመለሳል። ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ ለሚያሳየው ምርመራ፣ ለደም ካልቸር፣ ደሙ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት፣ ከሁለት የተለያየ ቦታ፣ ለአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር መቀዳት አለበት። 2 ሚሊ ሊትር ቀድቶ «ምንም አላደገም» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

መጠየቅ ያለበት ቀላል ነገርም ይዘለላል። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ወባ ሲጠረጠር «ሰሞኑን ቆላ ወርደህ ነበር?» ማለት ግድ ነው። ግንባታ ቦታ ተጨናንቆ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ከሆነ የሸሚዙ ስፌት ይገለጥ፤ የሰውነት ቅማል የሚደበቀው እዚያ ነው። ቅማል ከተገኘ ሪላፕሲንግ ፊቨር (ቅማል የሚያስተላልፈው፣ እየተመላለሰ የሚነሣ ትኩሳት) ይታሰብና የደም ስላይድ ይታይ። በሽታው እሱ ከሆነም ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ባሉት ሰዓታት ደም ግፊቱ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ሕመምተኛው ብቻውን አይተውም።

ስለዚህ ሞርኒንግ ላይ ታሪኩና የአካል ምርመራው እንደቀረበ፣ የላቦራቶሪው ውጤት ሳይነበብ 10 ደቂቃ ይቁም። ይበልጥ የሚመስለው፣ ካመለጠ የሚገድለው፣ ከተባለው ስም ጋር የማይሄደው ምልክት ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ቀድሞ የሚናገረው የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ይሁን፤ ሲኒየር ከተናገረ በኋላ ይሉኝታው አፍ ያሲዛል። ውጤቱ ሲነበብ «ሐሳባችንን ምን ያህል ቀየረው?» ይባል። በ3ኛው ቀን ትኩሳቱ ካልወረደ፣ መድኃኒት ከመቀየሩ በፊት ስሙ እንደገና ይጠየቅ። ተረኛ ሆኖ ያደረ ሐኪም መድከሙን እናውቃለን፤ ቢሆንም ይህ አዲስ መሣሪያም በጀትም አይፈልግም።

ለጤና ጣቢያ ባልደረቦቻችንም አደራ አለን፦ ሪፈር ላይ የበሽታውን ስም ብቻ አትጻፉ። ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ የዊዳሉን ቁጥር፣ የተሰጠውን መድኃኒት ከነመጠኑና ከነቀኑ አስፍሩልን።

ሬዚደንቶችን የምናስተምር የውስጥ ደዌ ሐኪሞች፣ ከአቃቂ ቃሊቲ