የስንዴ ዋግ መድኃኒትና የሳንባ ሻጋታ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

መድኃኒት ስለተላመዱ ተህዋስያን ሰሞኑን ያወጣችሁት ጽሑፍ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ስለ ባክቴሪያ ብቻ ተናግሮ ሻጋታን ሳያነሳ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። «የታዘዘላችሁን ሳታቋርጡ ጨርሱ» የሚለው ምክር አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ለተባለው ሻጋታ ብዙም አይሠራም፤ ይህ ሻጋታ ከበሽተኛው ሳንባ ሳይደርስ ገና ማሳ ላይ ሳለ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላልና።

አስፐርጊለስ በሚበሰብስ ቅጠልና ገለባ ላይ የሚበቅል ሲሆን፣ በዓይን የማይታየውን ብናኙን አራት ኪሎ ታክሲ የምንጠብቀው ሰዎች ጭምር በየቀኑ እንተነፍሰዋለን። ጤነኛውን አይነካም። ከሳንባ ነቀርሳ ድኖ ሳንባው ላይ ክፍተት የቀረበትን ሰው ግን እዚያው ክፍተት ውስጥ ገብቶ ይጎዳዋል፤ ደም ያስለዋል፤ በላቦራቶሪ ሥራ ዘመኔ እንዳየሁት «ነቀርሳው አገረሸበት» ተብሎ የነቀርሳ መድኃኒት እንደገና የሚጀመርለትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ባወጣው ዝርዝር ይህን ሻጋታ እጅግ አሳሳቢ ከተባሉት ፈንገሶች ተርታ አስቀምጦታል።

ሕክምናው በአብዛኛው አዞል በተባሉት መድኃኒቶች፣ ማለትም በኢትራኮናዞልና በቮሪኮናዞል ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ለሻጋታው የሕዋስ ሽፋን የሚያስፈልገውን ኤርጎስቴሮል የተባለ ቅባት ከሚሠሩት ኢንዛይሞች አንዱን ይዘው ሥራ ያስፈቱታል። የዚህ ኢንዛይም ትእዛዝ የተጻፈው ሲፕ51ኤ በተባለው ጂን ላይ ነው። በብዙ አገሮች የተገኘው መድኃኒት የተላመደ ዝርያ እዚህ ጂን ላይ ሁለት ለውጦችን አጣምሮ ይዟል፦ የጂኑን የሥራ መጠን በሚወስነው ክፍል 34 ፊደላት ሁለት ጊዜ ስለተጻፉ ኢንዛይሙ ከወትሮው በዝቶ ይመረታል፤ በ98ኛው ቦታ ደግሞ ሊውሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በሂስቲዲን ስለተተካ የኢንዛይሙ ቅርጽ ተለውጦ መድኃኒቱ እንደ ቀድሞው አይገጥምለትም። 46 ፊደላት የተደገሙበት ሌላ ዝርያም አለ፤ እርሱ በተለይ ቮሪኮናዞልን ይቋቋማል።

ነገሩን ወደ ማሳ የሚመራን ይኸው ድግግሞሽ ነው። ለረጅም ጊዜ በሚታከም ሰው ሳንባ ውስጥ የሚፈጠረው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ድግግሞሽ የሌለው የአንዲት ፊደል መለወጥ ሲሆን፣ ድግግሞሽ ያለባቸው ዝርያዎች ግን አዞል ወስደው በማያውቁ ሕመምተኞች ላይ ጭምር ተገኝተዋል። በኔዘርላንድ ከሕመምተኞችም ከአፈርም ተለይተዋል፤ በታንዛኒያ አፈር መገኘታቸውም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ታንዛኒያ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለችም።

ገበሬዎቻችን ቲልት እያሉ ለስንዴ ዋግ የሚረጩት ፕሮፒኮናዞል የዚሁ የአዞል ቤተሰብ አባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ስንዴያችንን እንዴት እንዳወደመው ለሚያስታውስ ሰው «አትርጩ» ማለት ቀልድ ስለሚሆን፣ እኔም አልልም። ነገር ግን ሰብሉ ላይ ያረፈው ርጭት ዋጉን ብቻ መርጦ አይነካም፤ አፈሩና ገለባው ላይ ያለውን አስፐርጊለስም ያገኘዋል፤ በዚያ የሚተርፈው ደግሞ ድግግሞሹን የያዘው ነው።

አዲስ መድኃኒት ይመጣል ብለን እንዳንጽናና፣ በሙከራ ላይ ያለው ኦሎሮፊም የሚያጠቃውን ኢንዛይም ኢፕፍሉፌኖኪን የተባለው የእርሻ ፀረ ፈንገስም ያጠቃል፤ አንዱን የተላመደ ሻጋታ ሌላውንም ሊቋቋም እንደሚችል በላቦራቶሪ ታይቷል። በአገራችን የሰው መድኃኒትንና የእርሻ ኬሚካልን የሚመዘግቡት መሥሪያ ቤቶች የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ጋዜጣችሁ ሁለቱንም አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ፦ አንድ ፀረ ፈንገስ ለማሳ ከመፈቀዱ በፊት፣ የሚያጠቃው ኢንዛይም የሰው መድኃኒት ከሚያጠቃው ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን የሚመረምረው ማነው?

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ