«አሳመርንልሽ» ስለተባለው ታሌሮ ቅሬታ

ለሱቁ ባለቤት፣ እንዲሁም የቴሌግራሙን መልእክት ለሚመልሰው ልጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የትእዛዙን ነገር ከሀ ጀምሬ አልዘረዝርም፣ ደረሰኙም ቻቱም እናንተው ጋ አለ። የገዛሁት ታሌሮ ነው፣ ጣልያን በፈረንጅ 1918 ለኤርትራ ያስመታው የድሮ የብር ሳንቲም፣ የምፅፈው ግን ስለ አንድ ቮይስ ነው። ከመክፈሌ በፊት «የ1918ቱ ታሌሮ ሳይፀዳ፣ ልክ ፎቶው ላይ እንዳለ ነው አይደል የሚመጣልኝ?» ብዬ ጠየቅኩ። «አይዞሽ የኔ እናት፣ ጨርቅ እንኳን አይነካውም» አላችሁኝ። ቮይሱ ስልኬ ላይ አለ፣ አስራ አንድ ሰከንድ ናት፣ ከረሳችሁት መልሼ እልክላችኋለሁ።

ቅዳሜ ሞተረኛው አመጣው። ስከፍተው ሳንቲሙ ትላንት የተገዛ ማንኪያ ይመስላል፣ ያብረቀርቃል። እኔ 24,000 ብር የከፈልኩት ለብርነቱ አይደለም እኮ፣ ለቀለሙ ነው። ፎቶው ላይ ጠርዙ ዙሪያውን ሰማያዊ ሆኖ ወደ ውስጥ ሲገባ ወይን ጠጅ፣ ከዛ ማር ማር የሚል፣ ሳንቲሙ ላይ ያለችው ሴትዮ ጉንጭ ላይ ሲደርስ ደግሞ አመድማ ነበር፣ ማታ ማታ እያሰፋሁ ስንቴ አይቼዋለሁ። ያ ቆሻሻ አይደለም ብዬ ሶስቴ ነግሬያችኋለሁ። ብር ካለበት አየርና ከተጠቀለለበት ወረቀት ድኝ እየወሰደ በስንት አመት የሚያወጣው ነው፣ አንዴ ከተፈተገ አለቀ።

አሁን መስኮት ጋ ይዤ ዘንበል ሳደርገው ጉንጯ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ጭረቶች አሉ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን የሄዱ። ከጀርባ ንስሩ ላባ መሀል ነጭ ነገር ተሰግስጓል፣ በስንጥር አውጥቼ አሸተትኩት፣ የጥርስ ሳሙና ነው። የጥርስ ሳሙና!

ስደውል ልጁ ምን አለኝ መሰላችሁ፣ «አሳመርንልሽ እንጂ ምን አደረግንሽ፣ ሰው እንዲነጣለት ይከፍላል አንቺ ለምን ነጣ ትያለሽ»። ቮይሱን ሳስታውሰው ደግሞ «ብር ብር ነው እህት፣ ደሞ የጣልያን ብር ምን ያደርግልሻል» ብሎ ሳቀ። ከጀርባው የሌላ ሰው ሳቅም ሰምቻለሁ። ወንድሜ፣ የጣልያን ዘመን ናፍቆኝ አይደለም የምሰበስበው፣ መልኩ ደስ ስለሚለኝ ነው። ጣልያን ይሄን ያስመታው ማርትሬዛን አስመስሎ ኤርትራ ገበያ ላይ ሊያስገባ ነበር፣ ጀርባው ላይ በላቲን ለኤርትራ ንግድ ምቾት የተመታ ብር ይላል፣ ግን የማርትሬዛን ጌጥ ፍሬ በፍሬ ቆጥሮ የሚቀበል ነጋዴ በቀላሉ አልተታለለለትም። ከዛ ሁሉ ተርፎ መጥቶ እናንተ ጋ በጥርስ ሳሙና ይለቅ?

ከዛ ወዲህ እንግዲህ ሰኞ ደውይ፣ ባለቤቱ መስክ ወጥቷል፣ በቴሌግራም ፃፊ፣ ስፅፍ ደግሞ በስልክ ይሻላል። ትላንት የመጣው መልስ «ካልፈለግሽው ለሌላ ሰው ሽጪው» የሚል ነው። ይሄን ነው መዋጥ ያቃተኝ።

ዝም ብዬ ያለፍኩትንም ላንሳ ካላችሁ፣ የእንግሊዝ ምስራቅ አፍሪካዋን የድሮ ባለ ቀዳዳ 10 ሳንቲም በፈረንጅ የ1936 ብዬ አዝዤ የ1937 ነው የላካችሁት። «የአንድ አመት ልዩነት ነው» ተባልኩ። ልዩነቱማ እኔ ባዘዝኳት የ1936ቷ ላይ ዘውድ ሳይጭን ዙፋኑን የለቀቀው የእንግሊዙ ንጉስ የስምንተኛው ኤድዋርድ ስም ነው ያለው፣ መሀሏ ቀዳዳ ስለሆነ የንጉስ ፊት አያስፈልጋትም፣ ስሙ ብቻ ነው ያለባት፣ የምፈልጋትም ለዛ ነው። የናንተዋ ከሱ በኋላ የነገሰውን ጆርጅን ነው የምትለው፣ ቀዳዳው ውስጥ የቁልፍ ማንጠልጠያ ገብቶበት የዝሆን ጥርሶቹ ተፍቀዋል። ባለ አንበሳዋ ሽልንግም በስቲከር ሙጫ ተጨማልቃ ነው የደረሰችኝ፣ ያኔም ምንም አላልኩም። የማድረሻ ሁለቴ መቀበላችሁንም እያወቅኩ ነው የተውኩት።

መጀመሪያ ይቅርታ ብቻ ብትሉኝ ይበቃኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። አሁን ግን 24,000ው በሙሉ በቴሌብር እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ፣ የማድረሻውም ጭምር፣ የ10 ሳንቲሟም ዋጋ። ሳንቲሞቹን የሚወስድ ሞተረኛ በራሳችሁ ሂሳብ ላኩ። ሌላው፣ የታሌሮው የድሮ ፎቶ እስከ ዛሬ ጠዋት ቻናላችሁ ላይ «ተሸጧል» ተብሎ ተለጥፏል፣ አውርዱት፣ ያን ሳንቲም ለማንም አልሸጣችሁም። እስከ አርብ 11 ሰአት መልስ ካላገኘሁ ቮይሱንና ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ የምናውቃቸው ሰብሳቢዎች ሁሉ ጋ እልካለሁ፣ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮም እሄዳለሁ።

ስትደውሉ ባለቤቱ ራሱ ይደውል፣ ከልጁ ጋር ድጋሚ አላወራም።

የታሌሮዋ ገዢ