ስመጣ 17፣ ስመለስ 13

እሙዬ፣ እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የአዳማ ሙቀት እንደምታውቂው ነው።

የዋሽንግተን አውሮፕላን ትኬቱ ደርሶኛል። «አባዬ፣ 17 ሰዓት ትችለዋለህ?» ያልሽው ግን አሳቀኝ። ከ20 ዓመት በላይ ጅቡቲ የተመላለሰ ሾፌር እኮ ነኝ! ጅቡቲ ድንበር ገላፊ ላይ ተሳቢዬ ውስጥ ወረፋ ስጠብቅ ያደርኩት ሲደመር አሜሪካ ደርሶ መልስ ይሆናል።

የገረመኝ ሌላ ነው። ስመጣ 17 ሰዓት፣ ስመለስ 13። ርቀቱ ያው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ አይደል እንዴ? አየር ኃይል የነበረው ጎረቤታችን ቡና ላይ አስረዳኝ። ነገሩ የከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም የሚደገፍበት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሰውና ሻንጣ ጭኖ ለአሜሪካ የሚበቃ ነዳጅ እስከ አፉ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ከመተሃራ ወደ ወለንጪቲ ተሳቢ ጎትቼ ስወጣ ሞተሩ እንዴት እንደሚያቃስት ስለማውቅ ወዲያው ገባኝ። ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ወርዶ ይቀዳል። ብዙ ጊዜ የሚቀዳው አየርላንድ፣ ደብሊን ነበር አለኝ።

ደብሊን ደግሞ ምን አገናኘው? ብዬ የወንድምሽን ልጅ ሉል አምጥቼ ክር ወጠርኩበት። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ቀጥታ ሲወጠር በስፔን በኩል ያልፋል። በደብሊን ሳዞረው ክሩ የጨመረው ጣት አይሞላም፣ በኪሎ ሜትር 300 እንኳ አይደርስም። ለካ ጠማማ የሚመስለው ካርታ ላይ ነው።

የእናንተ የዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር አይሞላም። ሞልቶ ይነሳና ቀጥ ብሎ ይመጣል። ላይ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል። ቁልቁለት በለው!

እኔን የሚያስፈራኝ ሰዓቱ ነው። አንቺ የሄድሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ትኬቱ 10:15 ይላል፣ እኔ ከሌሊቱ 10 መስሎኝ ተዝናንቼ ራት እየበላሁ፣ ወንድምሽ «አባዬ፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ ነው፣ በእኛ ከምሽቱ 4 ከ15 ነው!» ሲል ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። የፍጥነት መንገዱ ባይኖር፣ በድሮው በሞጆና በደብረ ዘይት ቢሆን ኖሮ፣ አለቀልን ነበር።

ስለዚህ የእኔን በአበሻ አቆጣጠር ጽፈሽ ላኪልኝ። ጠዋት ይሁን ማታ፣ በፊደል። የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። እናትሽ አንዱን በበርበሬና በሽሮ ሞልታ ጨርሳለች፣ ትናንት ደግሞ ከሁለተኛው ውስጥ ሱሪዬን አውጥታ ቆሎ ስታስገባ ደረስኩባት።

አባትሽ