ለማታ ትምህርት ክፍላችን ጣሪያ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የትምህርታችን ወዳጆች፤

ይህ ሦስተኛው ጥሪያችን ነው። መለመን ሰልችቶናል፤ መለመን ብቻ ሳይሆን መለመናችንን መስማትም እናንተን እንደ ሰለቻችሁ እናውቃለን። ነገር ግን የክፍሉ ጣሪያ ሁለት ሌሊት የጣለውን ዝናብ አልቻለውም፤ መሃሉ ተደርምሶ ኮምፒውተሮቹ ላይ ወደቀ። ሰው አልነበረም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ከሥራ ውለው ኮምፒውተር ለመማር የሚመጡት ተማሪዎቻችን አሁን በረንዳ ላይ ይማራሉ፤ ግማሾቹ ቆመው።

«ለመምህራን አበልና ለወረቀት ከምታወጡት ተጨማሪ ኮምፒውተር አትገዙም ነበር?» የተባልነው አልተረሳንም። ገዝተን ቢሆን እነሱም ዛሬ ከፍርስራሹ ሥር ነበሩ። ደግሞስ ቁልፍ መጫን ማንም በጥቂት ቀን ይለምደዋል፤ የሚያስቸግረው ማሽኑ የሰጠውን መልስ መመርመር ነው። እሱን የምናስለምደው በእርሳስና በወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የትምህርት ሊቁ ፓውሎ ፍሬሬ በብራዚሏ አንጊኮስ ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን ማንበብና መጻፍ ሲያስተምር ከየዕለት ኑሯቸው ቃላት እንደ ተነሣ ሁሉ፣ እኛም የምንነሣው ከተማሪው የደመወዝ ወረቀትና ከመጋዘኑ ሰነድ ነው።

አንዲት ንብረት ክፍል የሚሠሩ ተማሪያችን በኮምፒውተር የተሠራ የወር መዝጊያ ሰንጠረዥ ይዘው መጡ። የወጪ ዕቃው ድምር በእጅ ከደመሩት ያንሳል፤ ልዩነቱ ደግሞ እሳቸው ላይ ጉድለት ሆኖ ሊመዘገብ ነው። ዓምዱን ለሁለት ከፈሉት፤ የእጁና የኮምፒውተሩ ድምር ያልገጠመበትን ግማሽ እንደገና ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት። በመጨረሻ አንዲት ቁጥር ቀረች፤ ሌሎቹ በቀኝ ጠርዝ ተሰልፈው እሷ ብቻ በግራ ተለጥፋለች። እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ስለ ገባች የድምር ቀመሩ ዘሏት ኖሯል። «ኮምፒውተሩ ካለ ብዬ ልፈርም ነበር እኮ!» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ለመምህር የከፈልነው ለዚህ ነው። ከዚህ የተለየ ወጪ ያገኘ ካለ መዝገቡ ክፍት ነው፤ ይምጣና ይይ።

ሃምሳ ሎሚን በየስብሰባው ስለ ጠቀስነው ዛሬ አንደግመውም። ዕውቀት የተራበን መርዳት በየእምነታችሁ የታዘዘ መሆኑን ግን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። አሁን የሚሰበሰበው ገንዘብ መጀመሪያ ለማገርና ለቆርቆሮ ይውላል፤ ኮምፒውተሩ ይቆየን።

የሒሳብ ቁጥሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተያያዘው ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ ነው። በኮሚቴው ስም የተከፈተ፣ በሦስት ፊርማ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ነው። በማንም ግለሰብ ስም፣ በኮሚቴው አባልም ስም ቢሆን፣ አታስገቡ። «የሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል መልእክት በስልክ ቢደርሳችሁ ከእኛ አይደለም፤ ለተማሪዎቻችን በሁለተኛው ሳምንት የምናስተምረውም ይህንኑ ነው። ስታስገቡ በምክንያቱ ቦታ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ደረሰኙንም አትጣሉት። እንደገና እንላለን፦ ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብቻ።

የማታ ትምህርት ኮሚቴ